የደጊቱ ስምንተኛ ምልክት

ዱሮ ነው። የአያቴ አያት ገና በእናቷ ጀርባ ታዝላ ሳለች ነው። እኔ አላየሁም፤ ያየ ሰውም አላገኘሁም። ጋኑን ግን አይቻለሁ፤ አፉን በእጄ ዳስሼዋለሁ። ለእኔ እሱ ይበቃኛል። አልበቃንም የምትሉ ተነሡና ወደየቤታችሁ ሂዱ። የምትቀሩ ጠጋ በሉ፤ ድምፄ እንደ ዱሮው አይደለም።

ግራዋ ምንጭ የሚባል መንደር ነበር። ስሙን ያገኘው ከምንጩ ዳር ከሚበቅለው ግራዋ ነው። ጋን የሚታጠበው በግራዋ ቅጠል ነውና የዚያ አገር ጠላ ከሩቅ ሰው ይጠራ ነበር ይባላል። በመንደሩ ዳር፣ ወደ ወንዙ መውረጃ ላይ፣ እማዋይሽ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ሞቷል። መሬት የላትም። ያላት ሁለት ነገር ነው፤ አንድ ሙያና አንዲት ልጅ። ሙያዋ ጠላ መጥመቅ ነው። ልጇ ደጊቱ ትባላለች።

እማዋይሽ ለሰው ድግስ ትጠምቃለች። ሰርግ ሲሆን ትጠራለች። ተዝካር ሲሆን ትጠራለች። ደቦ ሲሆን ትጠራለች። ጠላው ጥሩ ሲሆን የሚመሰገነው ባለ ድግሱ ነው፤ ጠላው ሲበላሽ የምትነቀፈው እማዋይሽ ናት። ምን ትስቃላችሁ? የእናንተም ቤት ከዚህ አይሻልም።

ደጊቱ አራት ዓመት ሲሞላት መንደሩ ውስጥ ኩፍኝ ገባ። ስንቱን ልጅ ወሰደ። ደጊቱ ዘጠኝ ቀን እንደ እሳት ነደደች። በዐሥረኛው ቀን ተነሣች፤ ውሃ ጠጣች፤ ሳቀች። እማዋይሽ እልል አለች። ልጅቱ ወደ እልልታው አልዞረችም። እማዋይሽ ስሟን ጠራች፤ አልዞረችም። ቅል አንሥታ መሬት ላይ ሰበረች፤ አልዞረችም።

ያን ቀን ምንጩ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። ያለቀሰችው ልጄ ዘፈን አትሰማም ብላ አይደለም። "እኔ ስሞት ይህች ልጅ የማን በር ላይ ትቆማለች? ማን ቁራሽ ይሰጣታል?" ብላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዋይሽ ሌላ አሳብ አልነበራትም። ስትተኛም ስትነሣም አሳቧ ይኸው ነው፤ ልጄ ሳልሞትባት ሙያ ትያዝ።

ልጅቱ የምታውቃቸው ጥቂት ቃላትም በዓመቱ ከአፏ ጠፉ። እማዋይሽ ልትጠራት ስትፈልግ ትንሽ ጠጠር አንሥታ እግሯ ሥር ትወረውራለች። ደጊቱ ጠጠሩን ታያለች፤ ቀና ትላለች፤ ትመጣለች። ሌላው ልጅ በስሙ ሲጠራ ደጊቱ በጠጠር ትጠራ ነበር።

ጠላ ደግሞ ቃሉ ብዙ ነው። ጌሾው ተወቅጦ ከብቅል ጋር በውሃ ሲነከር ጥንስስ ይባላል። ቂጣ ተጋግሮ ይቆራረስበታል። ዱቄቱ ጠቁሮ በስሎ እንኩሮ ይሆንና ይጨመርበታል፤ ያን ጊዜ ድፍድፍ ነው። ውሃ ሲሞላበት ጠላ ነው፤ የጋኑ አፍ በጭቃ ይመረጋል፤ በሰባተኛው ቀን ይደርሳል። ሳይጠራ የቀዳው ጉሽ ጠጣ ይባላል። ካለቀ በኋላ ውሃ ቢመለስበት ቅራሪ ነው። የተረፈው አተላ ነው፤ ለከብት ነው። ይህን ሁሉ ሴት ልጅ የምትማረው በጆሮዋ ነው፤ እናቷ ጋኑ ሥር ሆና ስታጉረመርም ሰምታ ነው። ጆሮ የሌላትስ በምን ትማር?

እማዋይሽ ከምድጃው ከሰል አነሣች። ፊደል አታውቅም። በዚያ መንደር ፊደል የሚያውቁት ቄሱና ዲያቆኑ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ለጠላ አይጽፉም። እማዋይሽ ረጅሙን ነገር አሳጥራ በጋኑ ሆድ ላይ በከሰል አስቀመጠችው። አንድ ጭረት ጥንስስ ነው። ሁለት ጭረት ቂጣው ገብቷል ነው። የተሻገረ ጭረት ድፍድፍ ነው። እንደ ጅረት የተጠማዘዘው ውሃ ተሞልቷል ነው። ቀለበት ከሆነ ተመርጓል፣ እጅሽን ሰብስቢ ነው። ቀለበት መሃሉ ነጥብ ካለው ደርሷል፣ ቅጂ ነው። ግማሽ ቀለበት ቅራሪ ነው። ሰባት ምልክት። ለአተላ ምልክት አላወጣችለትም፤ አተላን ላምም ታውቀዋለች።

የመጀመሪያው ፈተና ማስተማሩ ነበር። ቀላል አይምሰላችሁ። ልጅቱ መጀመሪያ ከሰሉን በላችው። ቀጥሎ የድመቷ ጀርባ ላይ ቀለበት ሣለች፤ ድመቷ ተመርጋለች ማለት ነው። እማዋይሽ ከባሏ ሞት ወዲህ እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም ይላሉ። ቀጥሎ ውሃ ያልፈለገውን ጋን ውሃ ሞላችበት፤ የሰው እህል ተበላሸ፤ እማዋይሽ ያንን ጠላ በራሷ ጉልበት፣ በራሷ ጌሾ እንደገና ጠመቀች። አንድ ክረምት አለፈ። ሁለት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው ክረምት ደጊቱ ብቻዋን ጋኑ ፊት ቆመች፤ ሁለት ጭረት አየች፤ ሄደች፤ እንኩሮ ይዛ ተመለሰች። እማዋይሽ ልጇን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

በእነዚያ ክረምቶች አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ ያኔ ግን ነገር አልመሰለም። ደጊቱ ጣቶቿን በከሰል ታጠቁርና መደቡ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ትነካለች። አውራ ጣቷን ታሳርፋለች፤ አጠገቡ ትንሿን ጣቷን ታሳርፋለች። ከዚያ የእናቷን ቀሚስ ትጎትታለች። ግድግዳውን ታሳያታለች። የእናቷን ደረት ትነካለች፤ የራሷን ደረት ትነካለች። እማዋይሽ "ራበሽ እንዴ?" ትላለች። ቂጣ ትሰጣታለች። ልጅቱም ቂጣውን ትበላለች፤ ልጅ ናታ። እማዋይሽ ድሃ ብትሆንም ግድግዳዋ እንዲቆሽሽ አትወድም። በእርጥብ እጇ አበሰችው።

ደጊቱ በሌላ ቀን ደገመችው። እማዋይሽ ቂጣ ሰጠቻት፤ በእርጥብ እጇ አበሰችው። ደጊቱ በሌላ ቀን ሠለሰችው። እማዋይሽ ተቆጣች፤ ጣቷን ነቀነቀችባት፤ በእርጥብ እጇ አበሰችው። ከዚያ በኋላ ግድግዳው አልቆሸሸም። እማዋይሽም "ልጄ ልብ ገዛች" ብላ ደስ አላት።

ሁለተኛው ፈተና ከወይዘሮ አትጠገብ ቤት መጣ።

ወይዘሮ አትጠገብ የመንደሩ ባለጸጋ ናቸው። ጥማድ በሬያቸው ብዙ ነው፤ አፋቸውም ብዙ ነው። የሚካኤል ማኅበር ተራቸው ደረሰና እማዋይሽን አስጠሩ። እማዋይሽ ከደጊቱ ጋር ሄዳ ጠመቀች፤ ጋኑን መረገች፤ ቀለበት አደረገችበት። "እመቤቴ፣ እስከ ሰባት ቀን አይነካ" ብላ ወጣች። የማኅበሩ ቀን ጋኑ ሲከፈት ጠላው ሆምጥጧል። ማኅበርተኛው አንድ ጊዜ ተጎነጨና ፊቱን አጨማደደ። ወይዘሮ አትጠገብ እንደዚያ ቀን አፍረው አያውቁም። ሰው ሲያፍር ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ የሚያሳብብበት ይፈልጋል።

"ድግምት ነው!" አሉ። "ያ ጥቁር ቀለበት ድግምት ነው! ጋኔን ጽፋ ከጋኔ ላይ ለጠፈችብኝ! ያቺ ልጇስ ብትሆን፣ ሰይጣን ጆሮዋን የደፈነባት በከንቱ ነው?"

ወሬው በአንድ ቀን መንደሩን ዞረ። ሰው ጋኑን እያየ አማተበ። እማዋይሽን ለሰርግ የጠሯት ተዉ። ለደቦ የጠሯት ተዉ። ጭቃ ሹሙ፣ ቢተው የሚባሉ ሽማግሌ፣ ዋርካው ሥር ሸንጎ ተቀመጡ። ከሳሽ ቆሙ፤ ተከሳሽ ቆመች። ደጊቱ ከእናቷ ኋላ ቆማ የሰዉን አፍ ታያለች። አፉ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ሁሉም የሚያየው ወደ እሷ ነው።

ጭቃ ሹሙ "አንቺ ሴት፣ ይህ ጭረት ምንድን ነው?" አሉ።

"ቃል ነው ጌታዬ።"

"የማን ቃል?"

"የጠላ ነዋ። ድግምትስ እኔ ከየት አመጣለሁ? ጆሮ ስለሌላት በዓይኗ የምትሰማበት ነው። እኔ ነገ ሟች ነኝ። እንጀራዋ እሱ ነው፤ አትንጠቁብኝ።"

ጭቃ ሹሙ ጢማቸውን ያዙ። ዘመኑ ዱሮ ቢሆንም ሰውዬው ሞኝ አልነበሩም። እማዋይሽን ወደ ራሳቸው ቤት ላኳትና ሦስት ጋን አስጀመሯት፤ አንዱን እስከ ጥንስስ፣ አንዱን እስከ ድፍድፍ፣ አንዱን እስከ ምርጊቱ። ምልክቷን አደረገችና ወጣች። ደጊቱ ግን ቤቱን አላየችም፤ እናቷን እንዳታገኝም በሌላ ሰው ቤት አቆዩአት። በማግሥቱ ሰው ሁሉ እያየ አስገቧት። እማዋይሽ ዋርካው ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ እጇን ትጨብጣለች። ልጅቱ ብትስት ከዚያ ወዲያ በግራዋ ምንጭ የሚጠራት ቤት የለም።

ደጊቱ ሦስቱን ጋኖች አየች። ከአንዱ ጭረት ፊት ቆመች፤ ቂጣ አምጥታ ቆራረሰችበት፤ ከሰል አንሥታ ሁለተኛውን ጭረት ጨመረች። ከተሻገረው ጭረት ፊት ቆመች፤ ውሃ ቀድታ ሞላችበት፤ የተጠማዘዘውን ሣለችበት። ከቀለበቱ ፊት ደረሰች። እጇን ሰበሰበችና ቁጭ አለች።

ወይዘሮ አትጠገብ ይህን ጊዜ ትዕግሥታቸው አለቀ። "እስቲ ይህንንስ ክፈቺው!" ብለው እጃቸውን ወደ ምርጊቱ ሰደዱ። ደጊቱ ተነሣች። የእመቤቲቱን እጅ ቸብ አደረገችው። እንደገና ቢሰዱ እንደገና ቸብ አደረገችው። ሰዉ ሳቀ። ጭቃ ሹሙ ግን አልሳቁም። "ወይዘሮ አትጠገብ፣" አሉ ቀስ ብለው፣ "የእርስዎን ጋን በስንተኛው ቀን ቀመሱት?"

ወይዘሮ አትጠገብ መሬት መሬት አዩ። በሦስተኛው ቀን ኖሯል። ትንሽ ብቻ ልቅመሰው ብለው ከፍተው፣ መልሰው በእርጥብ አመድ ደፍነውት ኖሯል።

ከዚያ ቀን በኋላ የመንደሩ ሴቶች ከሰል እያነሡ የየራሳቸውን ጋን መጫር ጀመሩ። ለደቦ ደጊቱ ተጠራች። ለሰርግ ደጊቱ ተጠራች። መሬት የሌለው ሰው ማኅበር አይገባም ነበር፤ እማዋይሽና ልጇ ግን የማርያም ማኅበር ገቡ። በደጊቱ ዐሥራ ሰባተኛ ዓመት የሰኔ ማርያም ተራ የእነሱ ሆነ። እማዋይሽ ያን ሰሞን "አሁንስ ብሞትም ግድ የለኝም" ትል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ባትናገር ምናለበት።

ሦስተኛው ፈተና ሰኔ አሥራ አንድ ቀን መጣ።

ደጊቱ ለማኅበሩ የሚሆነውን ጠላ ብቻዋን ነው የጠመቀችው። እናቷ ልትረዳት ብትነሣ ትከሻዋን ይዛ መደቡ ላይ አስቀመጠቻት፤ አንቺ እረፊ ማለቷ ነው። ያን ቀን ጠዋት ውሃውን ሞላች፤ አፉን መረገች፤ ቀለበቱን ሣለች። ከዚያ ሌሎቹን እንስራዎች ልታጥብ ግራዋዋን ይዛ ወንዝ ወረደች። እማዋይሽም ቅርጫት ይዛ ተከተለች፤ ቁልቁለቱን ግን ጉልበቷ አልቻለላትምና ከላይ፣ ከዳገቱ ወገብ ላይ ቀረች።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ዝናቡ የዘነበው ከላይ አገር ነው። ደራሽ ውሃ እንዲህ ነው፤ አንተ ፀሐይ ስትሞቅ ይመጣል። መጀመሪያ ድምፁ መጣ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ድምፁን ሰምተው ልብሳቸውን ጥለው ወጡ። ከብት የሚያጠጡት ሰምተው ወጡ። ደጊቱ መሃል ድንጋይ ላይ ናት፤ ጀርባዋን ለላይኛው ወገን ሰጥታ እንስራ ታጥባለች።

ሰው ሁሉ ጮኸ። "ደጊቱ! ደጊቱ ውጪ!" ይላል። እማዋይሽም ጮኸች። አያችሁ፣ ልጄ አትሰማም ብላ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያለቀሰች እናት፣ ያን ቀን እንደ ማንም ሰው ጮኸች። ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ስሟን ጠራች። እግሯ ሥር ጠጠር ሞልቷል። አንድም አላነሣችም።

ውሃው ልጅቱን ወሰዳት። በሁለተኛው ቀን ታች ቆላው ወንዝ ዳር፣ ከሾላ ሥር አገኟት። አምጥተው ቀበሯት።

ርቀቱ ብዙ ነበር፤ ጠጠሩ አይደርስም ነበር። ይህን ያልነገራት ሰው የለም። ቄሱ ነገሯት፤ ጭቃ ሹሙ ነገሯት። እማዋይሽ ራሷን ትነቀንቃለች። "መወርወር ነበረብኝ፤ ባይደርስም መወርወር ነበረብኝ" ትላለች። ከዚህ ሌላ ነገር ከአፏ አይወጣም።

ማኅበሩ ወደ ሌላ ቤት ተላለፈ። እማዋይሽ ከለቅሶ ድንኳን ወደ ቤቷ ስትገባ ጋኑ ቆሟል። የልጇ እጅ የመጨረሻ ሥራ ነው። ሆዱ ላይ ቀለበቱ አለ። አፉ ላይ ግን፣ በደረቀው ጭቃ ላይ፣ ሌላ ነገር አለ። ጭቃው እርጥብ ሳለ ሁለት ጣት ተጭኖበታል። አንዱ ሰፊ ነው፤ አጠገቡ ያለው ትንሽ ነው።

እማዋይሽ ቆማ አየችው። ሰባት ምልክት አስተምራለች፤ ይህ ስምንተኛ ነው። እሷ አላስተማረችውም።

ሴቶች አይደላችሁ፤ እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እማዋይሽ ጠማቂ ናት፤ እንደ ጠማቂ አሰበች። ልጄ አዲስ ነገር አድርጋበታለች አለች። ምናልባት ጌሾውን እጥፍ አድርጋው ይሆናል። ምናልባት ሁለት ሳምንት ይቆይ ማለቷ ይሆናል። ሁለት ሳምንት ቆየች። ምልክቱ አልተለወጠም። ምናልባት ሁለት ወር ይሆናል አለች። ሰባት ቀን አለፈው፣ ዐሥራ አራት ቀን አለፈው፣ ሃያ አንድ ቀን አለፈው፤ እማዋይሽ ጋኑ ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

አርባው ሲቃረብ ወይዘሮ አትጠገብ መጡ። ከዚያ ከሸንጎው ወዲህ ጠባያቸው ተለውጧል፤ ለዚያች ልጅ ከእናቷ ቀጥሎ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው።

"እማዋይሽ እህቴ፣ ተዝካሩ ደረሰ። እህል ከእኔ ነው፤ ጠላ ግን ይህ ጋን አለ። የእጇ ነው፤ በራሷ ጠላ ትዘከር። ይከፈት።"

"አይከፈትም እመቤቴ። ምልክት አድርጋበታለች።"

"ምን ይላል?"

"አላወቅሁትም። ቆዪ ይላል መሰለኝ።"

ወይዘሮ አትጠገብ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። እሳቸው አይነካ የተባለውን ጋን ከፍተው አይተውታል።

ከተዝካሩ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የመንደሩ ሴቶች ቤቱን ሊለቀልቁ መጡ። እንግዳ የሚገባበት ቤት ነውና ጭቃ አቦኩ፤ እበት አመጡ። ጓዳው ውስጥ ትልቅ የጭቃ ጎታ ነበረ፤ እማዋይሽ በሙሽርነቷ የሠራችው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተነቃንቆ አያውቅም። እህሉ ለተዝካሩ ወጥቶ ባዶ ሆኗል። ሴቶቹ ተጋግዘው ገፉት።

"እማዋይሽ!" አለች አንዷ። "ነይ ይህን እዪ።"

ጎታውና ግድግዳው መሃል የቀጭን ልጅ ክንድ ብቻ የሚያስገባ ክፍተት ነበር። እዚያ፣ የእናት እጅ የማይደርስበት ግድግዳ ላይ፣ የከሰል ጣት ሞልቷል። ሰፊው፣ አጠገቡ ትንሹ። ሰፊው፣ አጠገቡ ትንሹ። ታች ያለው ከጉልበት በታች ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ጣት ነው፤ ሽምብራ ያህላል። ከዚያ ከፍ ይላል። ከዚያ ከፍ ይላል። ጣቱ እያደገ፣ እየወፈረ፣ ከወገብ ያልፋል፣ ከደረት ያልፋል፣ ትከሻ ላይ ይደርሳል። እማዋይሽ የላይኛውን ነካችው። ከሰሉ ገና እጅ ያቆሽሻል።

እማዋይሽ ታችኛው አጠገብ ተንበረከከች። ያን ጊዜ ልጅቱ ጥንስስ አታውቅም። ድፍድፍ አታውቅም። የጠላ ምልክት ሊሆን አይችልም። እማዋይሽ ቀሚሷ ሲጎተት ታወሳት። ግድግዳው ሲጠቆም ታወሳት። መጀመሪያ የእሷ ደረት ሲነካ፣ ቀጥሎ የልጅቱ ደረት ሲነካ ታወሳት። ሰፊው እናት ናት። አጠገቧ ያለው ትንሹ ልጅ ናት።

"ወይኔ!" አለች። ከዚያም እንዲህ አለች፤ ቃሉ እስከ ዛሬ ሳይዛነፍ ይነገራል፤ "ሰባት ቃል ሰጠኋት። ሰባቱም ሥራ ነው። እሷ አንድ ቃል ሰጠችኝ። እኔ አበስኩት።"

ለልጇ ጥንስስ የሚል ቃል ነበራት፤ ቅራሪ የሚል ቃል እንኳ ነበራት። ልጄ የሚል ቃል አላወጣችላትም። የነገ እንጀራዋን ስታስብ ዛሬዋን ረሳች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነው። ፍርሃት እንዲህ ያደርጋል፤ እኔም ልጆቼን ያሳደግሁት እንዲሁ ነውና ልፈርድባት አልችልም።

አንዷ ሴት ጭቃውን በእጇ እንደያዘች "ይለቅለቅ ወይስ ይቅር?" ብላ ጠየቀች። እማዋይሽ ግድግዳውን በክንዷ ከለለችው።

የተዝካሩ ቀን እማዋይሽ ጋኑን ራሷ ከፈተችው። ምርጊቱን ዙሪያውን በቢላ ፈለቀቀች፤ ጣቱ ያረፈበትን ሳትሰብር በሙሉ አነሣች፤ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ጠላው አርባ ቀን ቆይቷል። ሽታው ከጓዳ እስከ ደጅ ሄደ። ሆምጥጧል። መጠጣት የነበረበት በሰባተኛው ቀን ነበር፤ የልጇ ጠላ በሰባተኛው ቀን እንዴት ይጥም እንደነበር ማንም ሰው አላወቀውም፤ አያውቀውምም።

እማዋይሽ ዋንጫውን ይዛ ቆመች። ማቅረቡም ሐፍረት ነው፤ መድፋቱም አይሆንላትም። ሰዉም ያያታል። ወይዘሮ አትጠገብ ተነሡ። በሆመጠጠ ጠላ ሸንጎ ያቆሟት ወይዘሮ አትጠገብ ዋንጫውን ከእጇ ተቀበሉ። እስከ መጨረሻው ጨለጡት። ፊታቸው አልተጨማደደም። እንባቸው ብቻ ወረደ።

"ድገሚኝ" አሉ።

ከዚያ ጭቃ ሹሙ ጠጡ። ቄሱ ጠጡ። መንደሩ በሙሉ ጠጣ። ጉሹም አልቀረ፤ ጋኑ እስኪደርቅ ጠጡት። አተላውን ለከብት አልሰጡትም፤ ወስደው መቃብሯ ላይ ከተከሉት ግራዋ ሥር አፈሰሱት።

እማዋይሽ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ጠላ መጥመቅ አልተወችም። ጋን በመረገች ቁጥር ጭቃው ሳይደርቅ አውራ ጣቷን ታሳርፍበታለች፤ አጠገቡ ትንሿን ጣቷን ታሳርፋለች። ሰው ቤትም ስትጠምቅ እንዲሁ ታደርጋለች። ምንድን ነው የሚላት አልነበረም፤ ሁሉም ያውቃል። ስትሞት ያቺን የምርጊት ቁራጭ ደረቷ ላይ አድርገው ቀበሯት። ለተዝካሯ የጠመቁት ሴቶችም ጋኑን ሲመርጉ ጣታቸውን አሳረፉበት።

እስከ ዛሬ በግራዋ ምንጭ እንዲህ ነው። ሙሽራም ትሁን አሮጊት፣ ጋን የመረገች ሴት ሁለት ጣቷን ሳትጫን እጇን አትታጠብም። ቤት ሲለቀለቅ ከጎታው ኋላ ያለው ግድግዳ አይለቀለቅም፤ እንዳለ ይተዋል። የሆመጠጠ ጠላ የቀረበለት እንግዳም ፊቱን አያጨማድድም፤ ጠጥቶ "ድገሚኝ" ይላል። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሲያይ የዚህ አገር ሰው ጣዕም አያውቅም ብሎ ይስቃል። ይሳቅ።

እኔ ልጅ ሆኜ እናቴ ጋን ስትመርግ አጠገቧ ነበርኩ። ሁለት ጣቷን ጭቃው ላይ ተጫነች። "እማዬ፣ ይህ ምንድን ነው?" አልኳት። እናቴ ሥራ የበዛባት ሴት ነበረች፤ ብዙ አታወራም። ጭቃ በነካው እጇ ደረቷን ነካች፤ ቀጥላ ደረቴን ነካች። እኔ ሞኙ ቂጣ ልትሰጠኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁላት።